በአንድ ቃል ንገረኝ

አንድ ሰው የውጭ ቋንቋ ትንሽ ይሞካክራል የሚል ወሬ ሰፈር ውስጥ ከወጣ በኋላ ዕረፍት የለውም። ለቅሶ ቤት ካርታ ሲጫወት፣ ታክሲ ውስጥ ታጭቆ ሲሄድ፣ ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ፣ "እንዲያው ይቺ ቃል ምን ማለት ናት?" የሚል አያጣም። መጠየቁስ ደስ ይላል፤ አዋቂ መባልን የሚጠላ የለም። እኔን የሚያቃጥለኝ ማሳረጊያው ነው። "በአንድ ቃል ንገረኝ!"

ጠያቂው ልብ አላለውም እንጂ "ቃል" ራሱ በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። ሙሽራ ቃል ይገባል። ምስክር ቃሉን ይሰጣል። ተማሪ ትምህርቱን በቃሉ ይይዛል። ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አለው፣ የሟች ኑዛዜ ቃል ነው፣ ወንጌላዊው ዮሐንስ ደግሞ ከሁሉ በፊት የነበረው ቃል መሆኑን ጽፏል። ፖሊስ ጣቢያ "ቃልህን ስጥ" የተባለ ሰው "የትኛውን?" ብሎ ቢጠይቅ መልሱን የሚያገኘው እዚያው አድሮ በማግስቱ ነው።

ሰሞኑን የጎረቤታችን ልጅ፣ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባው፣ በር ላይ ጠብቆ ያዘኝ። "ጋሼ፣ ካናልና ቻናል ልዩነታቸው ምንድን ነው? በአንድ ቃል።" ለካ ለዩቲዩብ ቻናሉ ስም እያወጣ ነው። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ካገኘሁ በቀላሉ የምለቅ ሰው አይደለሁም። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ስነግረው መሐል ላይ ስልኩ ጠራ። ሲጠራ ግን አልሰማሁም።

ካናልና ቻናል የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እናታቸው የላቲኗ "ካናሊስ" ናት፤ ቧንቧም፣ አሸንዳም፣ የውሃ መውረጃም ትሆናለች። እንግሊዝኛ እሷን ሁለት ጊዜ ተበደራት። መጀመሪያ ቻናል ብሎ ወሰደ፣ ኋላ መውሰዱን የረሳ ይመስል ካናል ብሎ ደገመ። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ሲጋፉ ኖረው በስተመጨረሻ ሥራ ተካፈሉ፤ በደምሳሳው፣ ተፈጥሮ ያበጀው ቻናል፣ ሰው በዶማ የቆፈረው ካናል ሆነ። ቴሌቪዥን ሲመጣ ቻናል ቀድሞ ወሰደው።

ጣሊያን እንዲህ ያለ ድልድል አላስፈለገውም። "ካናሌ" ይላል፣ አለቀ። የስዊዝ ቦይ ካናሌ ነው። በሲሲሊና በቱኒዚያ መካከል የተንጣለለው ባሕር፣ ማንም በዶማ ያልነካው፣ እሱም ካናሌ ነው። የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ቤርሉስኮኒ ገንዘብ የሠራበት የቴሌቪዥን ጣቢያም ስሙ ካናሌ አምስት ነው። ጀርመን ይብሳል። የባሕሩንና የቦዩን ስም ለከተማው ፍሳሽ መስመርም ሰጥቶ፣ ትዕግሥቱ ሲያልቅ ደግሞ "ካናሌ ሞልቷል" ይላል። የሰለቸው ቴሌቪዥኑ መስሏችሁ ሪሞት እንዳታቀብሉት።

በየአገሩ ግን በዚህ የሚደናገር የለም። እኛ ዘንድ አንድ ሰው ስንት ስም አለው? እናቱ ማሙሽ ትለዋለች፣ የክርስትና ስሙ ወልደ ገብርኤል ነው፣ ቢሮ አቶ ተስፋዬ፣ ሰፈር ውስጥ ቀዩ። ማን ነው ብሎ ተሳስቶ የሚያውቅ የለም። ሰውየው ግራ የሚገባው ኤርፖርት ደርሶ "የቤተሰብ ስም" የሚል ባዶ ሳጥን ሲያፈጥጥበት ነው። ቃልም ድንበር እስኪሻገር ማንነቱን የሚጠይቀው የለም።

"ካናሌ" ድንበር የተሻገረበት ቀን ታዲያ ስንት ጉድ አፈላ መሰላችሁ!

ጊዜው 1877 ነው (እዚህ ወግ ውስጥ ያለው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው)። ማርስ ወደ ምድር በጣም ቀረብ ያለችበት ዓመት ነበር። ሚላን ውስጥ የብሬራ የከዋክብት ማጥኛ ኃላፊ የነበረው ጆቫኒ ስኪያፓሬሊ 22 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ቴሌስኮፕ አዙሮ ሌሊት ሌሊት ካርታ ይነድፋል። ቀላ ባለው መልክ ላይ ቀጫጭን ጠቆር ያሉ መስመሮች ታዩት። "ካናሊ" ብሎ መዘገባቸው፤ ካናሌ ሲበዛ ነው። ቃሉን እንኳ እሱ አልጀመረውም፤ አንጀሎ ሴኪ የሚባል የሮማ ቄስ በ1858 ለማርስ ተጠቅሞበታል። ስኪያፓሬሊ መጽሐፍ ቅዱስና የግሪክ ተረት አዋቂ ስለነበር ለየመስመሩ የዳቦ ስም አወጣለት። ከኤደን ወንዞች ስም ወሰደና አንዱን ኤፍራጥስ፣ አንዱን ግዮን አለው። ግዮን! የኢትዮጵያን ምድር ይከብባል የሚባለው ወንዝ ማርስ ላይ ተገኘ። ኢትዮጵያም አልቀረችም፤ "ኤትዮፒስ" የሚል ስም ያለው ሰፈር እስካሁን ማርስ ላይ አለን። ካርታ ወጥቶለታል እኮ፣ የቀረን ሊዝ መክፈል ብቻ ነው።

ወሬው እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዘንድ ሲደርስ ሳጥኑ አፈጠጠ። ካናል ወይስ ቻናል? እንግሊዝኛው የቸኮለ ሰው መልስ መረጠ፤ ካናል።

ለምን እሱን እንደመረጠ ለማወቅ ዘመኑን ማየት ነው። ስዊዝ ከተከፈተ ገና ስምንት ዓመቱ ነው። የቆፋሪዎቹ መሪ ፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ የዓለም ጀግና ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ፓናማን ሊቆርጥ ይሄዳል። "ካናል" ሲባል ሰው ሁሉ ልቡ የሚሞላበት ዘመን ነበር። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል እንደሚባለው፣ ጊዜ የሰጠው ቃልም ፕላኔት ይቆፍራል። ካናል ካለ ቆፋሪ አለ፤ ቆፋሪ ካለ መሐንዲስ አለ፤ መሐንዲስ ካለ መንግሥት አለ፤ መንግሥት ካለማ ግብርም ሳይኖር አይቀርም።

ይህን ሁሉ ከምሩ የወሰደው ፐርሲቫል ሎዌል የሚባል የቦስተን ባለጸጋ ነው። ጃፓንና ኮሪያ ኖሮ ስለ አገሬው ልማድ መጻሕፍት የጻፈ ሰው ነበርና የሩቅ አገር ሕዝብ ነፍስ አውቃለሁ ባይ ነው። በ1894 አሪዞና ውስጥ ፍላግስታፍ ላይ በገዛ ገንዘቡ የከዋክብት ማጥኛ አቆመ። ማርስ እየደረቀች ነው፣ ነዋሪዎቿ ከዋልታው በረዶ ውሃ እየሳቡ እርሻቸውን ያጠጣሉ፣ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሕዝብ ደግሞ ሰላማዊና ብልህ መሆን አለበት አለ። በ1895፣ በ1906ና በ1908 ሦስት መጻሕፍት አከታትሎ አወጣ። እኛ አገር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለው ይኼ ነው፤ ልዩነቱ ሎዌል ኩበቱን ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ሽጦታል።

ሁሉም ማርሳዊ ሰላማዊ ነው ብሎ አላመነም። ኤች. ጂ. ዌልስ በ1898 ባሳተመው ልብ ወለድ ከዚያችው ከምትደርቀው ማርስ ወራሪ ጦር አዘመተብን። ይኸው ታሪክ በ1938 አሜሪካ ውስጥ በሬዲዮ ድራማ ሲተላለፍ እውነት መስሎት የደነገጠ ሰው ነበር። ጋዜጦቹም ድንጋጤውን ጨማምረው ሸጡት።

በተርጓሚው ላይ ብቻ መፍረድ ግን ደግ አይደለም። ስኪያፓሬሊ ራሱ "ሰዎች ሆይ፣ እኔ የተፈጥሮ ቦይ ማለቴ ነው" ብሎ አንዴ ቢጮህ ነገሩ ባለቀ። አልጮኸም። ሲጠየቅ እንዲህም ሊሆን ይችላል፣ እንዲያም ሊሆን ይችላል የሚል የሽማግሌ መልስ ነበረው። በ1893 ደግሞ፣ በብልህ ፍጡር የተሠሩ ናቸው የሚለው ሐሳብ የማይቻል ነገር ስለሌለበት አልቃወመውም ብሎ ጻፈ። ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ለባለቤቱ ምቹ ወንበር ነው፤ ሁለቱም ላይ ተራ በተራ ይቀመጥበታል።

ደግሞ ሌላ ጉድ አለ፤ መስመሮቹ ራሳቸው የሉም! እንግሊዛዊው ዋልተር ማውንደር በ1903 ያደረገውን ፈተና እወደዋለሁ። ነጠብጣብና ጥላ ያለበት የማርስ ሥዕል ሰቀለና የግሪኒች ተማሪ ልጆችን ከሩቅ አስቀምጦ ያያችሁትን ሣሉ አላቸው። ራቅ ብለው የተቀመጡት ሥዕሉ ላይ የሌለ ቀጥ ያለ መስመር ሣሉ። በ1909 የከዋክብት አጥኚው አንቶኒያዲ ፓሪስ አጠገብ ሜዶን ላይ 83 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ሲያይ መስመሩ ተበትኖ ነጠብጣብ ሆነበት። በ1965 "ማሪነር 4" የተባለችው መንኮራኩር በማርስ አጠገብ አልፋ ፎቶ ስትልክ፣ የታየው ጠባሳና ጉድጓድ ነው። ጀልባ የለም፣ መሐንዲስ የለም፣ ግብር የለም።

አንባቢዬ እስካሁን ሐሳቡ ወደ ውጫሌ እየከነፈ እንደሆነ ይገባኛል። ጣሊያንኛ፣ ትርጉም፣ አንድ ቃል ሲባል ሐበሻ ሌላ ቦታ አይሄድም። ግን ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል ስለ መላላኳ በሚናገረው በ1889ኙ የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ላይ የሆነው ሌላ ነው። የአማርኛው "ይቻላቸዋል" ጥንድ ትርጉም ያለው ቃል አይደለም፤ ጣሊያንኛውም ቢሆን ግዴታ መሆኑን አላድበሰበሰውም። እያንዳንዱ በየቋንቋው ግልጽ ነበር፤ የተለያየው ሐሳቡ ነው፣ እኔም ሆን ተብሎ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። ደጉን ስኪያፓሬሊን ውሉን ከተደራደረው ከኮንት አንቶኔሊ ጋር አንድ መዝገብ ላይ ማስፈር ግፍ ይሆናል።

ሚላንን ሳንለቅ አንዲት ሴት ላስተዋውቃችሁ። ማሪያ ጋኤታና አኜዚ በ1718 እዚያው ተወለደች። በ1748 በጣሊያንኛ ያሳተመችው ባለ ሁለት ቅጽ የሒሳብ መጽሐፍ ስሟን በአውሮፓ አስጠራ፤ የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሳይቀሩ በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ቦታ ሰጧት። እሷ ግን ጸሎተኛ ነበረች። አባቷ ሲሞት ሒሳቡን ትታ ድሆችና በሽተኞች ሴቶችን ስትጦር ኖራ በ1799 አረፈች። እኛ ዘንድ ብትሆን ገድል ይጻፍላት ነበር።

አውሮፓ የጻፈላት ምን ብሎ ነው? "የአኜዚ ጠንቋይ" ብሎ!

መጽሐፏ ውስጥ ወደ ላይ ጉብ ብሎ በሁለቱ ጎኖቹ ቀስ እያለ የሚወርድ አንድ ጠማማ መስመር አለ። ከሷ በፊት ጉይዶ ግራንዲ የተባለ መነኩሴ የመርከብ ሸራ ማዞሪያ ገመድን ከሚያመለክት የላቲን ቃል አንስቶ በጣሊያንኛ "ቬርሲዬራ" ብሎታል። ችግሩ ጣሊያንኛ ውስጥ ሌላ ቬርሲዬራ መኖሯ ነው፤ "አቬርሲዬራ" ሲያጥር ማለት ነው፤ ባላጋራይቱ፣ ሴቲቱ ሰይጣን። የኬምብሪጁ ፕሮፌሰር ጆን ኮልሰን፣ በኒውተን ወንበር የተቀመጠው፣ መጽሐፉን ለእንግሊዝ ወጣቶች ሊያደርስ ብሎ በስተርጅናው ጣሊያንኛ ተማረ። ይህን ሳስብ አንጀቴን ይበላኛል፤ በዚያ ዕድሜ ለሌላ ሰው መጽሐፍ ሲል ግሥ ማርባት! ብቻ ቬርሲዬራ ላይ ሲደርስ ገመዱን ትቶ ሰይጣኒቱን ያዘ። እሱ በ1760 ሞተ፣ ትርጉሙ በ1801 ታተመ፤ ሊያርመው የሚችል ሁለቱም በሌሉበት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና እንግሊዝኛ እስከ ዛሬ ጠንቋይ ይላታል፣ ስፓኒሽም ከእንግሊዝኛው ተቀብሎ ይኸንኑ ይላል። ጣሊያን ተማሪዎች ግን ቬርሲዬራ ብለው ያልፏታል፤ የተወለደችበት አገር ጥንቆላዋን አልሰማም።

ሒሳብ ካነሳን ዘንድ "ሳይን"ን ሳልነካ አላልፍም፤ ስንቱን ያስለቀሰ ነገር ነው። ሕንዶች የዚህን ነገር ስም ከደጋን ጅማት ወሰዱት። ዐረቦች ድምፁን ተቀብለው "ጂባ" አሉት፤ ሲጽፉት ግን እንደ ልማዳቸው ተነባቢዎቹን ብቻ አስቀመጡ። ከሕንድ መምጣቱን ያላወቀ አንባቢ ያንኑ ጽሑፍ "ጀይብ" ብሎ ቢያነበው ማን ይፈርድበታል? የልብስ እጥፋት፣ ጉያ፣ ደረት ማለት ነው፤ ባሕረ ሰላጤው አገር ሠርቶ የመጣ ሁሉ ኪስ መሆኑን ያውቃል። በ12ኛው መቶ ዘመን ስፔን ውስጥ ከዐረብኛ ወደ ላቲን የሚተረጉሙት ሊቃውንት ጉያውን በላቲን "ሲኑስ" አሉት። ሲኑስ ደግሞ በተራው ጉያም ነው፣ ደረትም ነው፣ ባሕር ወደ የብስ የሚገባበት ሰላጤም ነው። በላቲኑ ወንጌል አልዓዛር የተቀመጠው በአብርሃም ሲኑስ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ሐኪም አፍንጫ አካባቢ ላሉት ባዶ ክፍተቶች ቃሉን ወሰደና አዲስ አበባ በክረምት ግማሹ ሰው "ሳይነስ አለብኝ" ይላል። የሒሳብ መምህር እንግሊዝኛውን ቆርጦ "ሳይን" አለ። ሁለቱም ራስ ያስይዛሉ። ጣሊያንና ስፔን ውስጥ ግን መምህሩ ሰሌዳ ላይ "ሴኖ" ብሎ ሲጽፍ፣ ያው ቃል የሴት ጡትም ነውና፣ የኋላ ወንበር የተቀመጡት ጎረምሶች ምን እንደሚሆኑ መንገር አያስፈልገኝም። የደጋን ጅማት ተነስቶ የት እንደደረሰ እዩልኝ።

"የኛ ፊደል እያለ፣ ጀና ጂ ተለይተው ተቀምጠው፣ ይህ አይደርስብንም" የሚል ኩሩ አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው፤ ግን ኩራቱን በመጠን። "ገና ነው" ብለን ስንጽፍ በዓሉ መድረሱ ይሁን ጉዳዩ አለመድረሱ በምን ይታወቃል?

ከኪስ ወደ ዕዳ መንገዱ አጭር ነው። ጀርመንኛ "ሹልድ" የሚል ቃል አለው፤ በደልም ነው፣ ዕዳም ነው። ከ2010 ወዲህ ግሪክ በብድር ስትታመስ፣ ጀርመኖች ለተበዳሪ የማይራሩት ቋንቋቸው ተበዳሪንና በደለኛን ስለማይለይ ነው የሚል ትንታኔ በየጋዜጣው ተጽፏል። እኔ ብዙም አላምንበትም፤ አበዳሪ በየትኛውም ቋንቋ ፊቱ አንድ ነው። እኛም "የደም ዕዳ" እንላለን፣ በሰው ነገር የገባ ሰው "ምን ዕዳ ውስጥ ገባሁ" ይላል፣ ግን ለዕቁብተኛ እንራራለን፤ አንዳንዴ።

በማቴዎስ ወንጌል የአባታችን ሆይ ጸሎት ላይ ይቅር በለን የምንለው ነገር በግሪኩ ዕዳ ነው። ላቲኑም ዕዳ አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን በየቤተ ክርስቲያኑ ተከፋፈለ፤ የስኮትላንድ ፕሬስቢቴሪያን "ዕዳችንን" ሲል፣ የእንግሊዝ አንግሊካን የሰው ክልል አልፎ መግባትን የሚያመለክት ቃል ይጠቀማል። ቀልደኞች፣ ነጋዴው ስለ ብድሩ፣ ባለርስቱ ስለ አጥሩ ይጸልያል ይላሉ። ሁለቱ ወገኖች ሠርግ ላይ ሲገናኙ እዚህች ቦታ ጸሎቱ ይንገዳገዳል፤ የዕዳዎቹ ቃል አጭር ስለሆነ ቀድመው ጨርሰው የአጥሮቹን ይጠብቃሉ። ግዕዙ አበሳ፣ አማርኛው በደል ብሎ ከባንክም ከመሬት አስተዳደርም ገለል ብሏል።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን ሁሉ ሸክም በደመወዝ ነው የተሸከመው። 24 የሥራ ቋንቋ አለው፤ እያንዳንዱ ወደ ሌላው ሁሉ ይተርጎም ከተባለ 552 አቅጣጫ ይሆናል። ከመካከላቸው አንዷ ዘመዳችን ናት፤ ማልታዎች ባሕርን "ባሐር" ነው የሚሉት። እኔ የማዝነው ጆሮ ማዳመጫ አጥልቆ መስታወት ክፍል ውስጥ ለተቀመጠው አስተርጓሚ ነው። ጣሊያኑ "ቴምፖ" ሲል ጊዜ ነው? የአየር ጠባይ ነው? የሙዚቃ ፍጥነት ነው? ወይስ የኳሱ ጨዋታ አጋማሽ? ሁሉም ቴምፖ ነው። አስተርጓሚው ዐረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ እንዳይጠብቅ ንግግሩ ያመልጠዋል፤ አልጠብቅም እንዳይል ዝናብ ይዘንብበታል። "ባለጊዜ" የሚለውን ቃል ተርጉም ባይባል ዕድለኛ ነው።

ስለ ስኪያፓሬሊ የቀረኝ አለ። "ማሪነር 9" በ1971 ማርስን መዞር ጀምራ የላከችው ፎቶ ላይ ውሃ ያለፈበት የሚመስል የደረቀ ሸለቆ ታየ፤ ወንዝ የቀረጸው፣ ማንም ያልቆፈረው። እንግሊዝኛው ተጠንቅቆ በዚህኛው ጊዜ ቻናል አለው። ጣሊያንኛ ቃል መለወጥ አላስፈለገውም። ከጥቂት በስተቀር ቦታቸው ሰውየው ከሣላቸው መስመሮች ጋር አይገጥምም እንጂ፣ ካናሊ በእርግጥ ኖሯል።

የአውሮፓ የጠፈር ድርጅትም ካሳ እንዲሆን ይመስላል አንዲት ማርስ ላይ የምታርፍ መንኮራኩር ሠርቶ "ስኪያፓሬሊ" አላት። ኦክቶበር 19 ቀን 2016 በጃንጥላ ስትወርድ መወዛወዟን የሚለካው መሣሪያ ለአንድ ሰከንድ ያህል ከአቅሙ በላይ ሆነበት። ኮምፒውተሯ ያንን ቁጥር አምኖ ሲያሰላ ከመሬት በታች ነን የሚል መልስ አገኘ። ከመሬት በታች ያለ ሰው ጃንጥላ ምን ያደርግለታል? ጃንጥላውን ጣለ፣ ፍሬን የሚይዙትን ሮኬቶች ትንሽ አስነስቶ አጠፋ፣ ካረፈ በኋላ የሚሠሩትን መለኪያዎች ከፈተ። የማርስ መሬት ገና 3.7 ኪሎ ሜትር ወደ ታች ነበር።